ድንጋዩን ማንሣት

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ እንጨት በእንጨት ላይ እየደረቡ ማነጽ ነው። ሁለተኛው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ጠራቢው አንዲት ድንጋይ እንኳ አይጨምርም፤ ይቀንሳል እንጂ። ለእኛ ለዋግ ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ውቅር ማለት የተወቀረ ማለት ነው። የጥንት ዋግሹሞች አስከሬን ያረፈባቸው ሣጥኖች ያሉትም እዚያው ነው። ጎረቤታችን ላስታ ላይ ያሉት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም በዚሁ ጥበብ የተሠሩ ናቸው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሕንጻ ላስተምር ብዬ አይደለም (ዲፓርትመንታችንም አይደለም!)። "እግዚአብሔር በሰው ውስጥ ያድራል" የሚለውን የአበው ትምህርት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላጣሁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንዲሆኑ አልመከራቸውም፤ መሆናቸውን ዘንግተው እንደሆነ ነው የጠየቃቸው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ የእኛ ሥራ ቤቱን መገንባት ሳይሆን የሸፈነውን ድንጋይ ማንሣት ነው ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ ትምህርት መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉ ሦስት መጻሕፍት አሉ፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ትውልዱ ዛሬ ቀጠር በምንላት አገር አካባቢ የሆነ መነኩሴ ነው። የነነዌ ጳጳስ አድርገው ሾሙት፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሃ ሄደ። ትምህርቱን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ሰው ወደ ሰማይ የሚወጣበትን መሰላል ሩቅ አገር ሄዶ መፈለግ አያስፈልገውም፤ በገዛ ነፍሱ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛልና።

ሊቃውንቱ ይህን የውስጥ ጉዞ በ10 ማዕረጋት ይቆጥሩታል። በንጽሐ ሥጋ ይጀምራል፣ በንጽሐ ነፍስ ያልፋል፣ በንጽሐ ልቡና ይፈጸማል። የመጀመሪያው ማዕረግ ምን መሰላችሁ? ራእይ አይደለም፣ ብርሃን ማየትም አይደለም። "ጽማዌ" ይባላል፤ ዝምታ፣ ጸጥ ማለት። መላእክትን ማየት፣ በብርሃን መዋጥ የሚባሉት ሁሉ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። የጠራቢው የመጀመሪያ መሮ ዝምታ ነው ማለት ነው። ስፔናዊቷ መነኩሲት የአቪላዋ ቴሬዛም እ.ኤ.አ. በ1577 በጻፈችው መጽሐፏ ነፍስን ብዙ ክፍሎች ባሉት ግንብ መስላታለች፤ ንጉሡ የሚገኘው በመጨረሻው፣ በመካከለኛው ክፍል ነው። እሷ ያደገችው በግንብ አገር ነውና ግንብ አየች። የዋግ ሰው ብትሆን ኖሮ አለት ታይ ነበር እላለሁ።

እኔ እንግዲህ መነኩሴ አይደለሁም። በዶርም ውስጥ ከአምስት ልጆች ጋር የምኖር ተማሪ ነኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ የማንም አላርም ሳይጮህ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን እላለሁ። እናቴ በጣቶቿ አንጓ እየቆጠረች ስትል እያየሁ ነው ያደግሁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰማሁት የራሴን ጫጫታ ብቻ ነበር፤ ፈተና፣ ያለቀብኝ የኪስ ገንዘብ፣ ትናንት አንድ ልጅ የወረወረብኝ ቃል... አንድ ንጋት ግን ቆጠራው አልቆ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ብቻዬን እንዳልሆንሁ ግን አወቅሁ። በጨለማ ቤት ውስጥ እናትህ እንዳለች ሳታያት እንደምታውቀው ዓይነት ነው። እኔ አምላክ ነኝ ማለት አይደለም፤ ቤቱ ሌላ፣ የቤቱ ባለቤት ሌላ ነው። ባለቤቱ ግን ከእኔ በፊት እዚያ ነበር።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው ሳቀና "አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ሰላም ስታገኝ የሰቆጣ ሰው ምን ይበላል?" አለኝ።

ጥያቄው በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረበት ዘመን፣ በ1977ቱ ረሃብ፣ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች ሰቆጣ ገብተው ተጠልለዋል። ውስጥ ያለው እግዚአብሔር ደጅ ካለው ረሃብተኛ መሸሸጊያ ከሆነ፣ እኔም ባልፈልገው ይሻለኛል።

መልሱን ያገኘሁት ግን ከእናቴ ነው። በዚያን ጊዜ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ቤታችን ተጠግታ ነበር። የቀረን ማሽላ ከማድጋው ግማሽ አይሞላም። ታናሽ ወንድሜ "እማ፣ ለእኛስ ይበቃናል?" ሲላት እናቴ ምጣዱን እያሰሰች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ዝም በል ልጄ፣ ልጆቹ ይሰሙሃል" አለችው። ከዚያም እንጀራውን ለስምንት ቆረሰችው። ሌላ የተናገረችው ነገር የለም።

ጽማዌ ማለት ምን እንደሆነ ኋላ በመጽሐፍ ሳነበው ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። የእናቴ ዝምታ ሰው የሚሸሽበት ዝምታ አልነበረም። ለሌላው ቦታ የሚለቅ ዝምታ ነው። ማር ይስሐቅም ቢሆን የሚራራ ልብ ምን እንደሚመስል ሲያስረዳ ለሰው ብቻ አይልም፤ ለወፍ፣ ለአውሬ፣ ለአጋንንት እንኳ ሳይቀር የሚነድ፣ የማንንም ሥቃይ ሊያይ የማይችል ልብ ነው ይለናል። በረሃ ገብቶ በሩን የዘጋው ሰው ነው እንግዲህ ይህን ያስተማረው! ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ እውነተኛ ከሆነ መውጫው ጎረቤት ደጅ ላይ ነው። እዚያ ካላደረሰን ያነሣነው ድንጋይ የለም፤ ዓይናችንን ጨፍነን አርፈናል ማለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬም ለእናንተም የምለው አጭር ነው። 10ሩን ማዕረጋት እንውጣ አልልም፤ አንደኛው ራሱ ለእኛ ብዙ ነው። ነገ ጠዋት ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያ ተነሡና አጠገባችሁ ያለውን አልጋ እዩ፤ የተኛው ልጅ ትናንት እራት በልቶ እንደሆነ ጠይቁት።