ስለ መጽሐፍ ውሰት

መጽሐፍ የሌለው ተማሪ ዘር እንደሌለው ገበሬ ነው፤ መሬቱም ጉልበቱም እያለው ወራቱ ያልፍበታል። ይህን የምናገረው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት በጎጃም በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ ቅኔውን ከየኔታ አፍ፥ እንጀራውን ከመንደር ደጅ እናገኝ ነበር፤ መጽሐፍ ግን ከሁለቱም አይገኝም ነበር። በዚያ ጊዜ ልቤን የማረከው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ነበረ። ይህም መጽሐፍ ሊቁ ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፥ ቃላቱን የሚያስከትለው በአበገደ ተራ ነው። ዋጋው ለቆሎ ተማሪ የሚታሰብ አልነበረም፤ ቢታሰብም የሚሸጥበት ከተማ ሩቅ ነበረ።

ከጉባኤ ቤታችን የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ካህን መጽሐፉ እንዳላቸው ሰምቼ ሄድሁ። «አባ፥ ያውሱኝ» ብዬ ብለምናቸው፥ «መያዣ ምን አለህ?» አሉኝ። ከለበስሁት ደበሎ በቀር ምንም አልነበረኝም። እሳቸውም ደበሎዬን አይተው ሳቁና፥ «እንግዲያስ መያዣህ ቃልህ ይሁን፤ በሰንበት ወስደህ በሰንበት መልስልኝ» ብለው ሰጡኝ። ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ግሱን ወደ ደብተር እየገለበጥሁ፥ በየሰንበቱ እየመለስሁና እንደ ገና እየተዋስሁ፥ ከ«አ» ተነሥቼ እስከ «ከ» ደረስሁ። ያ ደብተር እስከ ዛሬ ከእኔ ጋራ አለ።

ነገር ግን ይህን ያህል የተደረገለት ሰው እርሱ በተራው ምን አደረገ? መምህር ሆኜ ጥቂት መጻሕፍት ካፈራሁ በኋላ፥ አንድ የተዋሰኝ ሰው ሳይመልስ ስለ ቀረ ሣጥኔን ቈለፍሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ መጥቶ፥ «የኔታ፥ መዝገበ ቃላቱን ያውሱኝ» አለኝ። «መጽሐፍ አላውስም» ብዬ መለስሁት፤ እጅ ነሥቶ ሄደ። ማታ አሮጌውን ደብተር ስገልጥ የሽማግሌው ሳቅ ትዝ አለኝና አፈርሁ። በማግሥቱ ሰው ብልክ፥ ልጁ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ተሻግሯል አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ተማሪ መጽሐፍ ከወዴት ሊያገኝ እንደሚችል መመርመር ጀመርሁ። በአዲስ አበባ ለሚኖር በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር፥ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውም አብርሆት አለለት። ለገጠሩ ተማሪ ግን ተስፋው ስልክ ሆኗል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 በላይፕዚግ የታተመው የዲልማን የግእዝ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ፍቹ በላቲን ስለ ሆነ ግን ለእኛ ተማሪ ግማሽ ደጁ ዝግ ነው። ደግሞም በዚያው አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በአድባራትና በገዳማት ያሉ ብዙ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፥ ግልባጫቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ይጠበቃል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለተመዘገበ አንባቢ ያለ ዋጋ ይታያሉ። ወደ ከተማ የወረደ አንድ ሰው መጽሐፉን በስልኩ ይዞ ቢመለስ፥ ከስልክ ወደ ስልክ እየተሻገረ ጉባኤ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። በሕይወት ያለ ደራሲ የደከመበትን መጽሐፍ ግን የሚችል ሰው ገዝቶ ሊያነብ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው ፈቃድ ይጀምራል። በሩቅ አገር ያለው የብራና ግልባጭ ለማያውቀው አንባቢ ተከፍቶ ሳለ፥ የእኔ ሣጥን ለጎረቤት ልጅ ተቈልፎ ነበር። መጽሐፍ ቢጠፋ አንድ መጽሐፍ ጠፋ፤ ተማሪ ባዶ እጁን ቢመለስ ግን ምን እንደሚጠፋ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ቁልፉን አንሥቻለሁ። የሚዋስ ሁሉ ስሙን በመዝገብ ያስገባል፤ መያዣውም ጋቢ ወይም ገንዘብ አይደለም፤ መጽሐፉን ሲመልስ ካነበበው አንዱን ለእኔ ይነግረኛል። እስካሁን ሁለት መጻሕፍት ሳይመለሱ ቀርተዋል። የተመለሱት ግን ከእኔ ዘንድ ሳሉ የማላውቀውን ብዙ ነገር ይዘው መጥተዋል። ያን ሁለት ቀን በእግሩ የመጣ ተማሪ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፥ መዝገበ ቃላቱ እንደሚጠብቀው ይንገርልኝ።