ስግድን ብቻሽን አትጹሚ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

የበርሊን ትምህርትሽን እግዚአብሔር ያቅናልሽ። በጠባይሽም በትምህርትሽም ስለማልሠጋ ስለ እነሱ አልጽፍልሽም፤ የምጽፍልሽ ስለ እኛ የቤተ እስራኤል በዓል ስለ ስግድ ነው። ናታንያ ሳለሽ በዓሉ ራሱ ይመጣልሽ ነበር። አውቶቡሱ ከሰፈር ተነሥቶ ኢየሩሳሌም ያደርስሻል፤ አርሞን ሃናጺቭ ላይ ቄሶቹ በየጥላቸው ሥር ቆመው ታገኛቸዋለሽ። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴትም እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል። በርሊን ላይ ግን አንቺ ካላሰብሽው የሚያስታውስሽ የለም።

ቀኑን አትርሺ። አስተስርዮን አንድ ብለሽ ብትጀምሪ፣ 50ኛው ቀን የሔሽቫን ወር 29 ነው። በአስተስርዮ ሰው ስለ ራሱ ኃጢአት ይጾማል፤ በስግድ ግን የሚቆመው ሕዝብ ነው። ስለዚህ የተቀየምሽው ሰው ካለ በሁለቱ በዓላት መካከል ባሉት ሳምንታት ውስጥ ታረቂው።

ኢትዮጵያ ሳለን በመንደራችን በአምቦበር የነበረውን ልንገርሽ። በዋዜማው ልብሱ በእንዶድ ይታጠባል፣ ሰውም ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። በነጋታው እህል ውሃ ሳይቀመስ፣ ቄሶች ኦሪቱን ይዘው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆኖ ተራራውን ይወጣል። አያትሽ ድንጋይ ትሸከም ነበር። ነጠላዋን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ ታደርግና፣ ድንጋዩን በላዩ አስቀምጣ፣ እስከ ጫፍ ድረስ ሳታወርደው ትወጣለች። እላይ ስትደርስ ከሌሎቹ ድንጋዮች ጋር ታኖረውና ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ትሰግዳለች። በፈጣሪ ፊት ዝቅ ማለትን ያወቅሁት እሷን ከኋላ እየተከተልሁ ነው።

ከዚያ ቄሱ በግዕዝ ያነባል፣ በአማርኛም ይተረጎማል፤ ሕጉ በሲና የተሰጠበት ይነበባል፣ ነህምያም ይነበባል። የነህምያን ዘጠነኛ ምዕራፍ ደጋግመሽ አንብቢው። ከምርኮ የተመለሱት ማቅ ለብሰው፣ አፈር ነስንሰው፣ የቀኑን ሩብ ሕጉን ሲያነቡ፣ ሩቡን ሲናዘዙ ይውላሉ። የሚናዘዙትም የራሳቸውን ብቻ አይደለም፣ የአባቶቻቸውን በደል ጭምር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው በአባቴ በደል እኔን ምን አገባኝ ይላል። ለእኔ የስግድ ክብደት ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

አሁን አሁን ቀኑን የጭፈራና የዳቦ ብቻ አድርገው የሚያዩ ወጣቶች አሉ፤ ያሳዝነኛል። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ እየዘመረ ወርዶ ዳቦ የሚቆርሰው፣ ጠላ የሚጠጣው፣ ቃል ኪዳኑን ስላደሰ ነው። ያልጾመ ሰው ምን ሊፈታ ነው?

ብቻሽን ግን አትጹሚው። ሁለትም ሦስትም ሁኑ። የእኛ ወገን ብታጪ የሌላ አገር አይሁድ ጥሪ፣ የበዓሉንም ነገር አስረጃቸው። ነጭ ልብስሽን ልበሺ። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ መልሱ፤ ኢየሩሳሌም በዚያ በኩል ናት። እሷን ብለው ወጥተው በሱዳን መንገድ የቀሩት 4,000 ያህል ወገኖቻችን ሳያዩዋት አልፈዋል። ስለ እነሱም ስገጂ።

የዳቦውን አደፋፍ ከበዓሉ በፊት እናትሽን ጠይቂያት። የስግድ ለት ደግሞ ወደ ኢየሩሳሌም ስለምንነሣ፣ በማለዳ ደውዪልኝና እንኳን አደረሰሽ ልበልሽ።

አባትሽ