መብራት ሲጠፋ የቤት ስልኩ ለምን ይሠራል?

መብራት በጠፋ ቁጥር የቤት ስልክ ባለበት ቤት የምትነሳ ጥያቄ አለች። «ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ስልኩ ግን ይሠራል። ታዲያ ከዚያ ሽቦ ትንሽ ስበን አንድ አምፖል ብናበራስ?» ጥያቄዋን አልንቃትም። በሁለቱ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ውስጥ በእርግጥ ኤሌክትሪክ አለ፤ እጀታው ሳይነሳ ቢለካ 48 ቮልት ገደማ ይገኛል።

ምንጩ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያው ነው። እዚያ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ 24 የእርሳስ ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ይቀመጣሉ። መብራት ሲኖር ይሞላሉ፤ ሲጠፋ ለቅጽበት እንኳ ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ፤ ጨለማው ከረዘመ ጄኔሬተር ይነሳል። በስልክ መጀመሪያ ዘመን ባትሪው በየደንበኛው ቤት ነበር። ደንበኛው ሲበዛ በየቤቱ እየዞሩ ባትሪ መቀየር አላዋጣም፤ ስለዚህ ከ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባትሪው ወደ ጣቢያው ተሰበሰበ። 48 ቮልት ድምፅን ኪሎ ሜትሮች ለማሻገር ይበቃል፤ ሽቦ የሚቀጥለውን ሠራተኛ ግን በቀላሉ አይገድልም። ከመሬት ጋር የሚያያዘውም ፖዘቲቩ ጫፍ ነው፤ የተቀበረው መዳብ በእርጥበት ቶሎ እንዳይበላ። ይህን ያሰቡ ሰዎች ከልብ ያስደንቁኛል።

አሁን ወደ አምፖሉ። እጀታው ሲነሳ በስልኩ ጫፍ ያለው ቮልት ብዙውን ጊዜ ከ10 በታች ይወርዳል፤ የሚፈሰውም ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ነው። ረጅሙና ቀጭኑ ሽቦ ራሱ ብዙውን ስለሚያስቀር፣ አመቻችቶ የሚስብ ሰው የሚያገኘው ግማሽ ዋት ገደማ ነው። ተራ የሞባይል ቻርጀር 5 ዋት ይሰጣል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል፤ አንዷን ምጣድ ለማጋል የ6,000 ቤቶች የስልክ መስመር ያስፈልጋል ማለት ነው።

በዚያ ላይ ጣቢያው እጀታው መነሳቱን የሚያውቀው በዚያው በሚፈሰው ኤሌክትሪክ ነው። አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ ልትበራ ትችላለች፤ ነገር ግን እሷ በበራችበት ጊዜ ሁሉ ስልኩ እንደተያዘ ይቆጠራል። የታመመች እናት ብትደውል የምትሰማው «ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ነው። ስልኩ ሲጠራ ደግሞ መስመሩ ላይ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ ሽቦውን በባዶ እጅ የያዘውን ክፉኛ ያስደነግጠዋል። ከሁሉ የከፋው የቤቱ 220 ቮልት ከስልክ መስመሩ ጋር ሲነካካ ነው፤ ሌላ ቦታ በመስመሩ ላይ የሚሠራ ሰው ሊሞት ይችላል። እባካችሁ አትሞክሩት።

ያቺ ግማሽ ዋት የተቀመጠችው ለድምፅ ነው። ነሐሴ 14 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳዋ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ሲጠፋበት፣ የሞባይል አንቴናዎች ባትሪያቸው እያለቀ ጸጥ ሲሉ፣ ግድግዳ ላይ የተሰካው ተራ ስልክ በአብዛኛው መሥራቱን ቀጥሏል። አምቡላንስ ለሚጠራ ሰው ይህ ከመቶ አምፖል ይበልጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ መዳቡ በየአገሩ በፋይበር እየተተካ መሆኑ ነው። ፋይበሩ ፈጣን ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን በመስታወት ክር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ስልኩን የሚያስነሳ ኤሌክትሪክ ከጣቢያው ይዞ አይመጣም። ቤት ውስጥ የምትተከለው ሳጥን ከሶኬት ትመገባለች፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። ብሪታንያ የድሮውን መስመር እስከ ጥር 2027 እ.ኤ.አ. ለመዝጋት አቅዳለች። ከመደበኛው ስልክ ሌላ አማራጭ ለሌላቸው ሰዎች ኩባንያዎቹ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያስደውል መፍትሔ እንዲያቀርቡ የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ይጠይቃል። አንድ ሰዓት! መብራት ከምሳ እስከ እራት ጠፍቶ የሚውልበትን ሰፈር ለምናውቅ ሰዎች ይህ በጣም ትንሽ ነው።

ስለዚህ የወላጆቻችሁ ስልክ ወደ ፋይበር ሲቀየር ባለሙያውን «መብራት ሲጠፋ ይህ ስልክ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «አይሠራም» ከሆነ ለሳጥኗ የሚሆን አነስተኛ የመጠባበቂያ ባትሪ ግዙላቸው፤ ቮልቱና አምፔሩ ከሳጥኗ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። ስልኩ ራሱ ሶኬት የሚፈልግ ገመድ አልባ ከሆነ ለእሱም የመጠባበቂያ ባትሪ አስቡለት።