«አይሰማም» የምንለው ልጅ



በአገራችን «ይህ ልጅ አይሰማም» ሲባል ወይ አይታዘዝም፣ ወይ ጆሮው አይሰራም ማለት ነው። በደባርቅና በዳባት ቤተሰቦችን ስጎበኝ ግን ዳውን ሲንድረም ስላለባቸው ልጆች ሌላ ትርጉም ሲጨመርበት ሰምቻለሁ፦ «አእምሮው አይቀበልም»። አንዲት እናት፣ «ፓስተር፣ ስጠራው ዞር አይልም፤ የእኔ ኃጢአት ይሆን?» ብላ አለቀሰች።

ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር (ዮሐንስ 9)። ጌታ ጥፋቱን በሰውዬውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። ዳውን ሲንድረም የሚመጣው ሕፃኑ የ21ኛውን ክሮሞዞም ሁለት ቅጂ በመያዝ ፈንታ ሦስት ይዞ ሲፀነስ ነው። እናት ወይም አባት ያደረጉት ነገር አያመጣውም።

ከእነዚህ ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት የመስማት ችግር ያገኛቸዋል። የጆሯቸው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ በኩክ ይደፈናል፤ ከታምቡሩ ጀርባም ፈሳሽ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ አያምም፣ መግልም አይወጣም፤ ስለዚህ ማንም አያውቅለትም። ልጁ የእናቱን ድምፅ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይሰማል። ቃል በደንብ ያልሰማ ልጅ ቃል ማውጣት ይከብደዋል፤ እኛም ሁሉን በአእምሮው እናሳብባለን።

ነገር ግን ብዙው ይታከማል። ኩኩ ይጸዳል፤ ፈሳሹ በራሱ ካልጠፋ ሐኪም በታምቡሩ ትንሽ ቱቦ ያስገባል፤ ለሌሎችም የመስሚያ መሣሪያ አለ። ሕፃን ሳሉ በየስድስት ወሩ፣ ኋላም በየዓመቱ ጆሯቸው ይመርመር። በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ተቋም ወደ ጎንደር፣ ወደ አንገት በላይ ሐኪም፣ ሪፈር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ዘይትም የቅጠል ጭማቂም ጆሮ ውስጥ አታንጠብጥቡ።

«ጸልየናል፣ እንጠብቅ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኔም እጸልያለሁ። ሆኖም ልጅ ቋንቋ የሚለምድባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው፤ እኛ ስንጠብቅ እነሱ ያልፋሉ። ደግሞም ጌታ መስማት የተሳነውን ሰው እንዴት እንደ ቀረበው ተመልከቱ (ማርቆስ 7)። ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ። ሰውዬው ሊሰማው ያልቻለውን በዐይኑ እንዲያይና በአካሉ እንዲያውቅ አደረገ።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ትማር። ልጁን ከፊት አስቀምጡት፤ ትከሻውን ነክታችሁ፣ ፊታችሁን አሳይታችሁ፣ በአጭር ቃልና በእጅ ምልክት አናግሩት። መስማቱ ባይመለስ እንኳ የምልክት ቋንቋ አብራችሁት ተማሩ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንዲት እናት የደርሶ መልስ የመኪና ዋጋ ከባድ ነው፣ ለጉባኤ ግን ቀላል ነው። በሚመጣው እሁድ ከጸሎቱ ጋር መሳፈሪያውንም እናዋጣ።

ጌታ ይባርካችሁ።