«ጨጓራዬ ነው» ለሚሉ እናቶቻችን

ከዋይሊ፣ ቴክሳስ

እንደሚታወቀው በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንመረምረው አገርን ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን በስደት እንጀራ ስለምንበላበት ሌላ ምርመራ ላወጋችሁ ፈለግሁ። ከምርጫ 97 ማግስት፣ በ1998 ዓ.ም. አገሬን ጥዬ ስወጣ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። ዳላስ የጠበቀኝ ሥራ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ሽማግሌ ማገላበጥ ነበር። ከዚያ ተምሬ ነርስ ሆንኩ። ትናንት በስብሰባ አዳራሽ ሲፋጠጡ የነበሩ የኅብረትና የቅንጅት ሰዎች ጧት አንድ ሰዓት ላይ በሆስፒታል ኮሪደር በሽተኛ ሲረካከቡ ማየት የራሱ ቀልድ አለው።

የነርስ ሥራ መርፌ መውጋት ብቻ የሚመስለው ወገን ብዙ ነው። ዋናው ሥራ ማየትና መጠርጠር ነው። በሽተኛው የሚለውና አካሉ የሚለው አልገናኝ ሲሉ የቱን ልመን የሚለው ላይ ነው ዳኝነታችን የሚፈተነው።

እዚሁ ዋይሊ ጎረቤቴ የሆነ ወንድም አንድ ቅዳሜ ጠራኝ። እናቱ ከጎጃም ከመጡ ሁለት ወር አልሞላቸውም። «ጨጓራዬ ነው፣ አብሽ በጥብጡልኝ» ብለው ጋደም ብለዋል። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ። ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ቀዝቅዟል፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሙ። «እማማ፣ ደረትዎን ያመዎታል?» ብላቸው «ኧረ ምንም!» አሉ። 911 ደወልን። ሀርት አታክ ነበር።

በሴቶች፣ በዕድሜ በገፉና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ሕመም እንደ ፊልሙ ደረት አስይዞ ላይጥል ይችላል። የሆድ አናት ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ይመጣል። የተጠረጠረ ሰው ድንገተኛ ክፍል በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምርመራው፣ ኢኬጂው፣ መነሳት አለበት። እንዲጠረጠር ግን በር ላይ ያለችው ነርስ ትክክለኛውን ቃል መስማት አለባት። ልጅ «ስቶማክ ፔይን» ብሎ ካሳጠረው ወረፋው ይረዝማል።

ስናስተረጉም ደግሞ ማሳጠር እንወዳለን። «ሕመሙ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ሲባሉ እናት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ልጅ «ዜሮ» ይላል። ተመስገን ቁጥር አይደለም ወገኖቼ! ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነውና ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

መሣሪያውም ቢሆን በጭፍን አይታመንም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የጥቁር በሽተኞችን የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ያህል አዘውትሮ እንደሚስት በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ የከንፈር ውስጥና ድድ አያለሁ፣ ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

በዚሁ በዳላስ በሴፕቴምበር 2014 የሆነውን የማያስታውስ ነርስ የለም። ቶማስ ኤሪክ ደንከን ከላይቤሪያ መጥቶ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ሄደ። ከአፍሪካ መምጣቱ ተጠይቆ ተጽፏል፤ ሆኖም አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተሸኘ። ከቀናት በኋላ በአምቡላንስ ተመለሰ፣ ኢቦላ ሆኖ ተገኘ፣ ኦክቶበር 8 አረፈ። ያስታመሙት ሁለት ነርሶችም ተይዘው ዳኑ። መረጃው ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ከትኩሳቱ ጋር አያይዞ ማሰብ ነው የጎደለው።

በስደት ያለነው ደግሞ ማንም ፎርም የማይጠይቀው ታሪክ ተሸክመናል። በቀይ ሽብር ጊዜ የታሰሩ አንድ ጋሼ አሉ። ክሊኒክ በሄዱ ቁጥር ደም ግፊታቸው ከ180 በላይ ይሆናል። መድኃኒት ተጨመረላቸው፣ ቤታቸው ሲነሱ ያዞራቸው ጀመር። «ጋሼ፣ መለኪያው ክንድዎን ሲጨብጥዎ ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው። ብዙ ቆይተው «ገመዱ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ራሳቸው እንዲለኩ ተስማማን። የሁለት ሳምንቱን ቁጥር ለሐኪማቸው ወሰዱት፤ አብዛኛው ከ140 በታች ነበር። አንዱ ክኒን ተቀነሰ። አሁንም ጧትና ማታ ይለካሉ፣ ልጃቸው ልርዳዎት ስትላቸው እንቢ ይላሉ፤ አዝራሩን የሚጫኑት እሳቸው ብቻ ናቸው።