ቪታራዬ፣ ደላላውና አዋጁ

የመጀመሪያው ትውልድ ሱዙኪ ቪታራ አለችኝ፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር ነው። በአስፋልት ላይ የምታኮራ አይደለችም፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ስንወጣ ሚኒባስ ሁሉ ሲያልፈን አንገቴን መድፋት ለምጃለሁ።

ጠባይዋ የሚታወቀው በክረምት፣ እናቴን ልጠይቅ ወደ መንዝ ስሄድ ነው። መረሬው ጎማ መዋጥ ሲጀምር ከማርሹ አጠገብ ያለችውን አጭር ዘንግ ወደ «ሎው» እስባለሁ፤ ኃይሉ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ይከፈልና በሰው እርምጃ እያጉረመረመች ትወጣለች። ቀላል መሆኗ ይረዳታል፤ ከባዶቹ በሚሰምጡበት ታልፋለች። አስፋልት ላይ ስንመለስ ግን ፎር ዊሉን መፍታት ግድ ነው፤ የፊቱና የኋላው ጎማ በእኩል ፍጥነት እንዲዞር ስለሚያስገድድ መታጠፊያ ላይ ካምቢዮውን ያስጨንቃል። ይህን የተማርሁት ከመካኒክ ነው፣ ያውም ከፍዬ፤ ዶክትሬቱ አልረዳኝም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። እኔ ምንም ሳልሠራ ዝገቷ ወርቅ ሆነ። ደላላው የጠራልኝ ዋጋ የብዙ ዓመታት ደመወዜ ነው፤ ማስተማር ያላስገኘልኝን አዋጅ አስገኘልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርሁ፤ ነገ መኪና የሚያስፈልገው ወጣት መምህር የሚከፍለው የእኔን ትርፍ ነውና።

የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም። እናቴ መንደር ግን መብራት ቢመጣም የሚሄድበት ሰዓት አይታወቅም። ባለቤቴ «እንሽጣትና የቤት ኪራዩን እንክፈል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ደላላው ቅዳሜ መልስ ሊሰማ ይመጣል፤ ሐምሌ ደግሞ ቀርቧል።