ይሄ ቡና አይደቅም

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ በሱ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁምሳጥኔን ከፍቼ፣ ከኋላዬ ጋቢ ሰቅዬ፣ ማይኩን ልብሶቼ መሀል አስገብቼ ሙዚቃ እሠራለሁ። ጋቢው የክፍሉን ማስተጋባት ይውጥልኛል። የላይኛው ጎረቤት ወንበር ሲጎትት ግን ጋቢም አያድን።

ባንድ የለኝም። አሳታሚ የለኝም። አቀናባሪውም፣ ሚክስ የሚያደርገውም፣ የሽፋን ሥዕሉን የሚሠራውም እኔው ነኝ። እስካሁን አሥራ አንድ ሥራ ለቅቄያለሁ። ካቻምና ከሁሉም የገባልኝ ገንዘብ ተደምሮ ሦስት ዶላር ከአርባ ሳንቲም ነው። ሥራዎቼን ወደ መተግበሪያዎቹ የሚያደርሰው አከፋፋይ ደግሞ ዓመታዊ ክፍያውን የሚቀበለው በውጭ ካርድ ስለሆነ፣ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት የምትከፍልልኝ። በየዓመቱ ልትከፍል ስትል ትደውልና «ዘንድሮም አልተውክም?» ትለኛለች። «ዘንድሮም» እላታለሁ። እንስቃለን። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጥያቄው እኔ ጋ ያድራል።

ለምን አልተውም?

ድሮ መልስ ነበረኝ። መልሴ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። የዋልያስ ባንዱ ጋሽ ኃይሉ አሜሪካ ከቀሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ አኮርዲዮናቸውን፣ ኪቦርዶችንና ድራም ማሽን ይዘው አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገቡ፤ ብቻቸውን እየደራረቡ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ቀረጹ። ካሴቱን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ዶርም ውስጥ ስሰማው ደነገጥኩ። አንድ ሰው ብቻውን ባንድ መሆን ይችላል ማለት ነው! ከዚያ ታሪካቸውን አነበብኩ። ለዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ሥራቸውን አገኘ፤ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ከዚያ በኋላ የዓለም መድረክ ላይ ወጡ።

እኔም ልክ እንደ ጎበዝ ተማሪ ከታሪኩ አንድ ቀመር አወጣሁ። ዛሬ ሥራ፣ አስቀምጥ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቅ፣ አንድ ቀን ያገኙሃል። ምን አለፋችሁ፣ የምሠራው ለዚያ ላልታወቀ አግኚ ነበር። እሱ ሲመጣ ስህተት እንዳያገኝብኝ።

ይሄ ሐሳብ መጀመሪያ ያበላሸው ጆሮዬን ነው። አሰማሜ እንዲህ ነው፤ ቀን ኮድ ስጽፍ ግጥም ያለው ነገር አልሰማም። የአማርኛ ስንኝ ጆሮዬ ከገባ ኮዱን ትቼ ስንኙን ተከትዬ እሄዳለሁ። ስለዚህ ቀን ቀን ሙላቱ አስታጥቄ፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ፣ አንዳንዴ የሚካኤል ሰይፉ ኤሌክትሮኒክ ሥራዎች ናቸው። ታክሲ ውስጥ ኢርፎን አላደርግም፤ ሹፌሩ የከፈተውን እሰማለሁ። እኔ ያልመረጥኩትን የምሰማበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ማታ ግን መስማት የለም፤ ምርመራ ነው። ቤዙ የት ተቀመጠ? ድምፁ ላይ ስንት ኢኮ ጣሉበት? የሰው ዘፈን እንደ ሰው ኮድ ይታየኝ ጀመር፤ ስህተት ካላገኘሁበት ያላነበብኩት ይመስለኛል። የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ሰዉ ሁሉ ትከሻው እስኪወልቅ እስክስታ ሲወርድ፣ እኔ ጥግ ቆሜ የስፒከሩ ቤዝ እንደበዛ አስብ ነበር። ያኔ ነው ትንሽ የፈራሁት።

በዚያው ዓመት ፋሲካን ደሴ፣ አያቴ ቤት ዋልኩ። እማማ ነው የምላት። ጎረቤቶቿ ቡና በኤሌክትሪክ መፍጫ ሲፈጩ እሷ ዛሬም በሙቀጫ ትወቅጣለች። እየወቀጠችም ታንጎራጉራለች፤ ቃል የለውም፣ አፏን ዘግታ ነው። ስልኬን አጠገቧ አድርጌ አራት ደቂቃ ያህል ቀዳሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ ስሰማው ጸጉሬ ቆመ። «ይሄ ነው» አልኩ፤ «አግኚው የሚያገኘው ሥራ ይሄ ነው።»

ከዚያ ማስተካከል ጀመርኩ።

ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት። እዚያ ድምፅ ማለት ቁጥር ነው፤ ሲዲ ላይ አንድ ሰከንድ ድምፅ 44,100 ጊዜ ተለክቶ ነው የሚቀመጠው። ሰዓቱን ያልጠበቀ ሲግናል ደግሞ ስም አለው፤ ጂተር ይባላል፤ ይቀነሳል እንጂ አይወደድም። የእማማ ዘነዘና በጂተር የተሞላ ነበር። ሲጀምር በደቂቃ 84 ምት፣ መሀል ላይ 100 ይደርሳል፣ መጨረሻው ላይ ይጎተታል። እኔም ኳንታይዝ አደረግኩት፤ ማለትም እያንዳንዱን ምት ቆርጬ፣ እኩል በተሰመረ መስመር ላይ 92 አድርጌ ደረደርኩት። እንጉርጉሮዋ አንቺ ሆዬ ነው፤ ግን አንዷ ድምፅ ከፒያኖው ጋር አልገጥም አለች። ፒያኖ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንት ይባላል። የእማማ ድምፅ ከቁልፉ 30 ሴንት ያህል ዝቅ ብላ ቆማለች። ፕሮግራሙ ጎትቶ ቁልፉ ላይ አስቀመጣት። ልክ ሆነ። ልክ ሆኖም ሞተ።

እንዴት እንደሞተ አልገባኝም። ሌላ ቤዝ፣ ሌላ ከበሮ፣ ሌላ ኢኮ። ፋይሉ ስሙ እየረዘመ ሄዶ 31ኛው ቅጂ ደረሰ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ የላፕቶፑ ባትሪ እያለቀ፣ ያንን ሙቀጫ ለሺህኛ ጊዜ ስሰማው አስጠላኝ። የገዛ አያቴ ድምፅ አስጠላኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ለወራት ሙዚቃ አልነካሁም። የሚገርመው የጎደለኝ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም እንቅልፍ ጠገብኩ።

በሚቀጥለው ፋሲካ ደሴ ሄድኩ። እማማ «ያ የቀዳኸው ምን ሆነ?» አለችኝ። እኔ የረሳችው መስሎኝ ነበር። አፈርኩ፤ ግን ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አድርጌ 31ኛውን ቅጂ ከፈትኩላት። ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ሰማች። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቃ ሰጠችኝ።

«ይሄ ቡና አይደቅም» አለች።

«እንዴት ማለት ነው እማማ?»

«ስሰማው ስሰማው ያው ነው። መቼ ነው የሚደቀው?»

ከዚያ ተነስታ ሙቀጫውን አመጣች። እንዳስተማሪ ሳይሆን ቡናም መድረሱ ስለነበር ነው። በዚህ ጊዜ ስልክ አላወጣሁም፤ ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ፍሬው ሙሉ ስለሆነ ይፈናጠራል፤ የሙቀጫውን አፍ በአንድ እጇ ጋርዳ ቀስ ብላ ነው የምትወቅጠው። ፍሬው ሲሰበር እጇን ታነሳለች፤ ያኔ ፍጥነቱ ይጨምራል። ሲደቅ ድምፁ ይታፈናል፤ እሷም ጠርዝ ጠርዙ ላይ የተጣበቀውን ለመመለስ ዝግ ትላለች። 84፣ 100፣ ከዚያ መጎተት። እኔ ጂተር ያልኩት ቡናው ነበር።

«አበላሸሁት አይደል?» አልኳት።

«አብሽር» አለች፤ «ቡና መቼም ሞልቷል።»

አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ኦሪጅናሉን ቅጂ መፈለግ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አልሰረዝኩትም። አሠራሬን ገለበጥኩት። እሷን ወደ መስመሩ ከመጎተት ይልቅ፣ መስመሩ ከዘነዘናው ጋር እንዲፈጥንና እንዲዘገይ እያንዳንዱን ምት በእጄ ምልክት አደረግኩ፤ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ሲንተሳይዘሩ ላይ ያቺን አንዷን ድምፅ ብቻ 30 ሴንት ዝቅ አደረግኋት። ክራር የሚደረድር ሰው አውታሩን በጆሮው እንጂ በፒያኖ ቁልፍ አይቃኝም፤ ይህን ሁሌም አውቅ ነበር፤ ማወቅና መስማት ለየቅል ናቸው። የጎረቤት ዶሮ ድምፅም ቀረጻው ውስጥ አለ። ተውኩት። እማሆይ ጽጌ ማርያም አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በካሴት ቀድተዋቸው፣ በ2024 «ሱቬኒርስ» ተብለው የወጡት መዝሙሮች ላይ የወፎች ድምፅ ይሰማል፤ ለኔ ወፎቹም የመዝሙሩ አካል ናቸው።

የጋሽ ኃይሉንም ታሪክ ደግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነብ ዘልዬው የነበረ ነገር አለ። ታክሲ ሲነዱ ኪቦርዳቸውን የኋላ ኮፈን ውስጥ ይይዙ ነበር። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ፣ በደንበኛና በደንበኛ መሀል ኪቦርዱን አውጥተው መኪናቸው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ማን ሊያገኛቸው? ማንም አልመጣም ነበር። የኔ ቀመር ያንን ኮፈን አላስገባም።

ሥራውን ባለፈው ጥቅምት ለቀቅኩት። በመጀመሪያው ወር ስልሳ አራት ሰው ሰማው። ሚክሱ ምርጤ አይደለም፤ ቤዙ አሁንም ትንሽ ይበዛል። አሁንም ማታ ማታ የሰው ዘፈን ስመረምር ራሴን እይዘዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ግን አንዳንዴ ቤዙን ረስቼ ከረዳቱ ጋር አብሬ አንጎራጉራለሁ።

የአክስቴ ልጅ ክፍያው ከመድረሱ በፊት ሊንኩን ላክሁላት፤ ምንም አላልኳትም። ከሁለት ሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ። መጀመሪያ ዝም ያለ ነው፤ ከበስተኋላ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ከዚያ፣ «ትልቁ ሙቀጫ ነው አይደል? ጠርዙ የተሰነጠቀው?» አለች።

እሱ ነው። መሰንጠቁን እኔ እንኳ አላስተዋልኩም ነበር። መልሼ ሰማሁት፤ እውነትም ይሰማል።

በዚያ ዓመት «አልተውክም?» አላለችኝም። ደረሰኙን ብቻ ላከችልኝ።